ፀሐይ በዱቤ

አንባቢ ሆይ! ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ ተጉዘው ያውቁ እንደሆነ፣ ወልቂጤን አልፈው ወደ ጊቤ በረሃ ወርደው፣ ድልድዩን ተሻግረው እንደገና ሽቅብ ወደ አበልቲ ሲወጡ አውቶቡሱ የሚያቃስተውን ማቃሰት አይረሱትም። ከዚያ በኋላ አገሩ ይለመልማል፤ አየሩም ይቀዘቅዛል፤ ጥቂት እንደ ተጓዙም ሰኮሩ ይደርሳሉ። ሰኮሩ ከመንገዱ ግራና ቀኝ የተዘረጋች፣ በጅማ ዞን ከሚገኙት የወረዳ ከተሞች አንዷ ናት። መንገደኛው ቡናውን ጠጥቶ፣ ወገቡን አፍታቶ፣ ተመልሶ አውቶቡሱ ላይ ይወጣና ወደ ጅማ ይቀጥላል። እኛ ግን ዛሬ እርስዎን ከአውቶቡሱ አውርደን እስኪመሽ ድረስ እዚያው ልናቆይዎ ፈልገናል፤ ምክንያቱም የዛሬው ጉዳያችን በቀን አይታይም።

ሲመሽ በከተማይቱ ዋና መንገድ ዳርና ዳር ያሉት ቤቶች መብራታቸውን ያበራሉ። ከከተማይቱ ወጥተው ወደ ገጠሩ ቀበሌ በእግርዎ ቢዘልቁ ግን መብራቱ ከኋላዎ ይቀርና ጨለማ ይቀበልዎታል። በዚያ ጨለማ ውስጥ ሁለት ዓይነት ብርሃን ያያሉ። አንደኛው ቀይ፣ ነፋስ በመጣ ቁጥር የሚርገበገብ፣ ጢሱ ጣራውን ያጠቆረ የኩራዝ ብርሃን ነው። ሁለተኛው ነጭና የማይንቀሳቀስ ነው፤ ምንጩም በቆርቆሮው ጣራ ላይ የተቸነከረች፣ ከተከፈተ ደብተር እምብዛም የማትበልጥ ጥቁር ሰሌዳ ናት። ጎን ለጎን በሚኖሩ ሁለት ቤተሰቦች መካከል ይህ ልዩነት ከምን መጣ ቢሉ፣ ፀሐይዋስ ለሁለቱም እኩል ትወጣለች። ልዩነቱ የገንዘብ ነው፤ ይልቁንም መንግሥት ለመብራት የሚያወጣው ድጎማ በየት በኩል እንደሚፈስ የሚወስነው ጉዳይ ነው።

የግድቡ ጎረቤት

ከሰኮሩ ወደ ጅማ ሲቀጥሉ በደነባ በኩል የግልገል ጊቤ ግድብ አለ። ግድቡ 40 ሜትር ያህል ቁመትና 1700 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ነው። በ1996 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር 184 ሜጋዋት የማመንጨት ኃይል ስለነበረው በጊዜው ከአገሪቱ የኃይል ማመንጫዎች ሁሉ ትልቁ ነበር። ሐይቁ ሲሞላ መሬታቸውን ለቀው የተነሡ ገበሬዎችም ነበሩ። ከዚያም ይኸው ውኃ ተርባይኑን አዙሮ ከወጣ በኋላ ለሁለተኛ ጊዜ እንዲሠራ ታሰበና፣ በተራራ ሥር 26 ኪሎ ሜትር ያህል ዋሻ ተፈልፍሎለት ወደ ታላቁ ጊቤ ሸለቆ እንዲወርድ ተደረገ፤ በጥር ወር 2002 ዓ.ም. የተመረቀው ሁለተኛው ግልገል ጊቤ በዚህ መንገድ 420 ሜጋዋት እንዲያመነጭ ሆኖ የተሠራ ነው። ወረድ ብሎ ደግሞ 1870 ሜጋዋት ያለው ሦስተኛው ጊቤ በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. ተመርቋል።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ኃይል ጎረቤት ሆኖ በኩራዝ የሚያመሽ ቤት አለ ሲባል፣ አባቶቻችን «የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» ያሉት ነገር ትዝ ማለቱ አይቀርም። ብረት ምሰሶዎቹ በእርሻው መካከል ቆመዋል፤ ሽቦውም ከራስ በላይ ያልፋል። ገበሬው ሽቅብ እያየ «ይህ ሽቦ ለእኔ ለምን አይወርድም?» ብሎ ቢጠይቅ የሚፈረድበት አይደለም። ጥያቄው የየዋህ አይደለም፤ መልሱ ግን እንደሚመስለው ቀላል አይሆንም።

በእነዚያ ትልልቅ ምሰሶዎች ላይ የሚሄደው ኤሌክትሪክ በመቶ ሺህ በሚቆጠር ቮልት የሚነዳ ነው። በቤታችን ግድግዳ ላይ ያለው ግን 220 ቮልት ብቻ ነው። በመካከሉ ያለውን ደረጃ ለመውረድ በመጀመሪያ ትልቅ ማከፋፈያ ጣቢያ ያስፈልጋል፤ ከዚያ በ33 ሺህ ወይም በ15 ሺህ ቮልት የሚሄድ ሌላ መስመር ይዘረጋል፤ ከዚያ ደግሞ በየመንደሩ ትራንስፎርመር ይሰቀላል፤ በመጨረሻም ከትራንስፎርመሩ እስከ ቤቱ ድረስ ምሰሶ እየተተከለ ሽቦ ይጎተታል። የጅማ ገጠር ቤት እንደ ከተማ ቤት ግድግዳ ለግድግዳ ተጣብቆ አይሠራም። እያንዳንዱ ሰው በቡናው፣ በእንሰቱና በበቆሎው መካከል ለብቻው ነው የሚኖረው። ስለዚህ ለ10 ቤት የሚተከለው ምሰሶ በከተማ ለ100 ቤት ይበቃል። ወጪውን የሚያሰላ መሐንዲስ ይህን አይቶ መስመሩን ወደ ከተማይቱ ቢያዞረው ክፋት ስላለው አይደለም።

መንግሥትም ይህን ስለተረዳ በኅዳር 2010 ዓ.ም. ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ተደራሽነት መርሐ ግብር አውጥቶ፣ በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ደግሞ ሁለተኛውን፣ የተሻሻለውን እትም ይፋ አድርጓል። በዚያ ሰነድ ላይ እንደ ተጻፈው በጊዜው ከ100 ኢትዮጵያውያን መካከል ከመስመር መብራት የሚያገኙት 33፣ ከመስመር ውጭ በሆነ መንገድ፣ ይኸውም በአብዛኛው ከፀሐይ፣ የሚያገኙት 11 ነበሩ። የቀሩት በጨለማ ናቸው ማለት ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2025 መብራት ለሁሉም እንዲዳረስ፣ ከዚህም ውስጥ 65 በመቶው በመስመር፣ 35 በመቶው ከመስመር ውጭ እንዲሆን ታቀደ። ያ ዓመት አልፏል፤ ኩራዙ ግን አልጠፋም። ይሁን እንጂ ሰነዱ አንድ ትልቅ ነገር አድርጓል፤ ፀሐይን የድኻ ማስታገሻ ከማለት አንሥቶ የአገሪቱ የመብራት ዕቅድ አንድ ሦስተኛ አድርጎ ቆጥሯታል።

ሰሌዳዋ ምን ትሠራለች?

ብዙ ሰው የፀሐይ መብራት ሲባል ወይ ተአምር ይመስለዋል፣ ወይ መጫወቻ ይመስለዋል። ሁለቱም ስሕተት ነው። እስቲ ትንሽ ሒሳብ አብረን እንሥራ፤ ተማሪ የሆነ አንባቢያችን እርሳሱን ያዘጋጅ።

10 ዋት ያላት ሰሌዳ በደህና ቀን 5 ሰዓት ያህል በሙሉ ኃይሏ ሠራች ብንል 50 ዋት ሰዓት ትሰጣለች። ከዚህ ውስጥ በሽቦና በባትሪ የሚባክነውን ብንቀንስ 40 ያህል ይተርፈናል። እያንዳንዳቸው 2 ዋት የሆኑ 3 አምፖሎች ለ4 ሰዓት ቢበሩ 24 ይበላሉ። አንዲት ተራ ተንቀሳቃሽ ስልክ ለመሙላት 5 ይበቃል። የቀረው ለራዲዮ ነው። በዚህ አንድ ቤተሰብ ራቱን በብርሃን ይበላል፤ ልጁ ያጠናል፤ እናት በሌሊት ከብት ብትወልድባት መብራት ይዛ ትወጣለች፤ ስልክ ለማስሞላት ወደ ከተማ መሄድና ሳንቲም መክፈልም ይቀራል። ነገር ግን በዚህች ሰሌዳ እንጀራ አይጋገርም። የኤሌክትሪክ ምጣድ እስከ 3500 ዋት ይፈልጋል፤ ይህም ማለት ቀትር ላይ እንኳ አንዱን ምጣድ ለማጋል እንዲህ ያሉ 350 ሰሌዳዎች ሊያስፈልጉ ነው። ቡና የሚፈለፍል ሞተርንም እንዲሁ አታንቀሳቅስም። ስለዚህ «የፀሐይ መብራት ከገባልህ መስመር አያስፈልግህም» የሚል ሹም ቢያጋጥምዎ ይህን ሒሳብ ያሳዩት።

ለአገራችን ነገሩ አዲስ አይደለም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1985 በማዕከላዊ ኢትዮጵያ በምትገኘው በሚቶ መንደር 10 ኪሎዋት ተኩል ያህል የሚሰጥ የፀሐይ ማመንጫ ተተክሎ 300 ለሚሆኑ ቤቶች መብራት ሰጥቶ ነበር፤ በ1989ም ወደ 30 ኪሎዋት አድጎ የውኃ መሳቢያና የእህል ወፍጮ እንዲያንቀሳቅስ ተደርጓል። ከዚያ በኋላ በሰሜን ሸዋ የምትገኘው ሬማ ስሟ ተጠርቷል። ከጀርመን አገር የመጣ የፀሐይ ኃይል ድርጅት በ1990ዎቹ መጨረሻ በሬማና በአካባቢዋ ወደ 2000 ለሚጠጉ ቤቶች ትንንሽ ሰሌዳዎችን ተከለ። ድርጅቱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2009 በእንግሊዝ አገር የሚሰጠውን የአሽደን ሽልማት አግኝቷል። እኛን ግን ከሽልማቱ ይልቅ የሚያስደንቀን ሌላ ነው። ሬማ ላይ ሰሌዳ ተክሎ መሄድ ብቻ ሳይሆን የአገር ልጆች ጥገናውን የሚማሩበት ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ ባለቤቱም በየወሩ ጥቂት ገንዘብ እያዋጣ ባትሪው ሲያረጅ የሚተካበትና ለሌላው ጎረቤት የሚገዛበት ተዘዋዋሪ ገንዘብ ተቋቋመ። ዕቃው በነፃ ቢሰጥ ኖሮ ባትሪው በሞተ ማግሥት ሰሌዳዋ የዶሮ ቤት ክዳን ትሆን ነበር።

ድጎማው በየት ያልፋል?

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። «መንግሥት ለፀሐይ መብራት ይደጉማል» ሲባል በአውሮፓ እንደምንሰማው ለጣራው ባለቤት በቀጥታ ገንዘብ የሚቆጠርለት እንዳይመስልዎ። በእኛ አገር ድጎማው በሌላ በር ነው የሚገባው።

የመጀመሪያው በር ጉምሩክ ነው። ለፀሐይ ኃይል ዕቃዎች የቀረጥ ነፃነት ተፈቅዷል። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን ሰሌዳው ነፃ ሆኖ ሲገባ ባትሪው ወይም ሽቦው በሌላ ስም ተመድቦ ቀረጥ እንደሚጠየቅበት አስመጪዎች ሲያማርሩ ኖረዋል፤ ደግሞም ጉምሩክ የማረው ገንዘብ በሙሉ ሰኮሩ ገበያ ላይ በዋጋ ቅናሽ መልክ መድረሱን የሚቆጣጠር ሰው የለም። ውኃ ከምንጩ በሰፊ ቦይ ተለቅቆ ማሳው ጋ ሲደርስ የሚንጠባጠብ ብቻ ይሆናል፤ በመንገድ ላይ ያለው ሁሉ ይጠጣዋል።

ሁለተኛው በር ብድር ነው። በ1995 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 317/1995 የገጠር ኤሌክትሪፊኬሽን ፈንድ ተቋቋመ፤ ዓላማውም መስመር በማይደርስበት አገር ኤሌክትሪክ ለማስገባት ለሚፈልግ ነጋዴ፣ ኅብረት ሥራ ማኅበርና ማኅበረሰብ ብድርና ሙያዊ እርዳታ መስጠት ነው። ከዚያ በ2004 ዓ.ም. የዓለም ባንክ ለኢትዮጵያ ካጸደቀው የኤሌክትሪክ ገንዘብ ላይ 40 ሚሊዮን ዶላር ከመስመር ውጭ ላለው ሥራ ተመደበ፤ የብድሩም አስተዳደር ለኢትዮጵያ ልማት ባንክ ተሰጠ። በልማት ባንክ በኩል አስመጪው የውጭ ምንዛሪ አግኝቶ ዕቃውን ያመጣል፤ አነስተኛ የብድር ተቋሞች ደግሞ ከባንኩ ተበድረው ለገበሬው ያበድራሉ። በዚህ ገንዘብ የሚመጣው ዕቃ ጥራቱ ተፈትኖ የተመሰከረለት መሆን ነበረበት። በመጋቢት 2013 ዓ.ም. ደግሞ የዓለም ባንክ ለከተማ መስመር ማጠናከሪያ፣ ለመንደር ማመንጫና ለቤት ፀሐይ መብራት የሚውል 500 ሚሊዮን ዶላር አጽድቋል።

ታዲያ ይህ ሁሉ ገንዘብ ካለ ሁለተኛው ቤት ለምን ኩራዝ ያበራል?

አንዱ ምክንያት የዋጋ ነው። ዕቃው ከውጭ ነው የሚመጣው፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ገበሬው ቡናውን በተሻለ ብር ሸጦ ይሆናል፤ ሰሌዳዋም ግን አብራ ወጥታለች።

ሌላው ምክንያት በጅማና በአካባቢዋ ትልቅ ስፍራ የሚይዝ ሆኖ ሳለ በአዲስ አበባ ጽሕፈት ቤቶች ብዙ ጊዜ የሚረሳ ነው፤ ይኸውም ወለድ ነው። የዚህ አገር ሕዝብ አብዛኛው ሙስሊም ነው። ለሃይማኖቱ የሚጠነቀቅ አባወራ «ሰሌዳውን ውሰድ፣ ከነወለዱ በየወሩ ክፈል» ሲባል ጨለማውን ይመርጣል እንጂ አይፈርምም። ይህን ሰው ኋላ ቀር የሚል ሰው ራሱ አልተማረም። መፍትሔው የታወቀ ነው፤ አበዳሪው ገንዘብ ከማበደር ይልቅ ዕቃውን ራሱ ገዝቶ፣ ትርፉን በግልጽ ተናግሮ፣ በተወሰነ ዋጋ በዱቤ ይሸጥለታል፤ ይህም በሃይማኖቱ የተፈቀደ ንግድ ነው። ከወለድ ነፃ የሆነ አገልግሎት ዛሬ በባንኮቻችን ውስጥ እየተስፋፋ ነው፤ በዚሁ ላይ ብቻ የቆሙ ባንኮችም ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ተከፍተዋል። የፀሐይ መብራት ብድር ግን ገጠር ሲደርስ ብዙውን ጊዜ የድሮውን ልብስ ለብሶ ነው።

የ33 ሳንቲም ነገር

«መንግሥት ድኻ ነው፤ ለእያንዳንዱ ጣራ እንዴት ይደጉማል?» የሚል አንባቢ ይኖራል። የመንግሥት ሠራተኛ የሆኑት አንባቢያችን ይህን ጥያቄ ከአለቃዎ አፍ ሰምተውት ይሆናል። መልሱ እርስዎ ራስዎ በየወሩ በሚከፍሉት የመብራት ሒሳብ ላይ አለ።

ለብዙ ዓመታት፣ እስከ 2016 ዓ.ም. መጨረሻ ድረስ፣ በወር እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠቀም የመኖሪያ ቤት ደንበኛ ለአንዱ ኪሎዋት ሰዓት የሚከፍለው 27 ሳንቲም ከትንሽ ነበር። 50ውን በሙሉ ቢጠቀም 14 ብር እንኳ አይሞላም። በ2011 ዓ.ም. ታሪፉ ሲጨምር እንኳ ይህ የታችኛው እርከን አልተነካም ነበር። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ታሪፉ ደረጃ በደረጃ እንዲያድግ ተወስኗል፤ ቢሆንም ጥቂት ለሚጠቀመው ደንበኛ ድጎማው እንዲቀጥል ተደርጓል። ይህ ዋጋ ኃይሉን አመንጭቶ፣ አስተላልፎ እቤት ለማድረስ የሚወጣውን ወጪ እንደማይሸፍን ግልጽ ነው፤ ልዩነቱን የሚሸከመው ሕዝቡ በሙሉ ነው።

ቅድም ያሰላናትን ሰሌዳ ያስታውሱ። በቀን 40 ዋት ሰዓት ትሰጣለች፤ በወር 1 ኪሎዋት ሰዓት ከ200 ዋት ሰዓት ማለት ነው። ይህንኑ ያህል ኤሌክትሪክ የከተማው ደንበኛ በቀድሞው ታሪፍ የሚያገኘው በ33 ሳንቲም ነበር። ገበሬው ግን ለዚያችው ብርሃን በሺህ የሚቆጠር ብር ከኪሱ አውጥቶ፣ ወይም ተበድሮ፣ ማመንጫውንም ማከፋፈያውንም ራሱ ገዝቶ በጣራው ላይ ይሰቅላል። እንግዲህ በዚህ አገር የመብራት ድጎማ የለም የሚል ሰው ተሳስቷል። ድጎማ አለ፤ በሽቦ ነው የሚሄደው። ሽቦ የሌለው ሰው ድጎማውም አይደርሰውም። ስለዚህ ለጣራ ሰሌዳ የሚሰጥ እርዳታ ምጽዋት ነው ብሎ የሚከራከር ሰው፣ መጀመሪያ የራሱን ቆጣሪ ያንብብ እላለሁ። ከዚህም በላይ ጎረቤቱ መሬቱን ለውኃው የለቀቀ ሰው በሚኖርበት ወረዳ ይህ ክርክር ከሌላው አገር ይልቅ ይከብዳል።

ሌሎች አገሮች ምን አደረጉ? ጀርመኖች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1990 ለ1000 ጣራዎች፣ በ1999 ለ100 ሺህ ጣራዎች ድጎማ ሰጡ፤ በ2000 ባወጡት ሕግም ከጣራው የሚወጣውን ኤሌክትሪክ ለ20 ዓመት በተወሰነ ዋጋ እንደሚገዙ ቃል ገቡ። በዚህ ምክንያት ፈላጊው ስለበዛ የቻይና ፋብሪካዎች እየሰፉ ሄዱ፤ የሰሌዳውም ዋጋ በዓለም ላይ ወደቀ። የሰኮሩ ገበሬ ዛሬ ሰሌዳ ሊመኝ የቻለው በከፊል የጀርመን ባለቤት በመብራት ሒሳቡ ላይ ጨምሮ ስለከፈለለት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ለእኛ የሚቀርበው ምሳሌ ግን ባንግላዴሽ ናት። እዚያ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2003 የተጀመረው ሥራ ከ4 ሚሊዮን በላይ ቤቶች ሰሌዳ እንዲኖራቸው አድርጓል። መንግሥት መጀመሪያ ላይ ለእያንዳንዱ ሰሌዳ ጥቂት ስጦታ ይሰጥ ነበር፤ ዕቃው ሲረክስ ስጦታውንም እየቀነሰ ሄደ፤ የቀረውን ገዢው በየወሩ ይከፍል ነበር፤ የሻጩም ሠራተኛ ገንዘቡን ሊሰበስብ ሲመጣ ባትሪውን አይቶ ይሄዳል። መጨረሻው ግን ሁሉ አላማረም። መስመሩ ከታሰበው ፈጥኖ ሲደርስ ብዙ ሰው የሰሌዳውን ዕዳ መክፈል አቆመ፤ የፀሐይ ንግዱም ወደቀ። ይህ ለእኛም የሚመጣ ነገር ነው። አንድ የዕድሜ ባለጸጋ ወደ ወረዳው ቢሮ መጥተው «ልጄ፣ መስመሩ በሚመጣው ዓመት ይገባል ይሉናል፤ ይህን ሰሌዳ በዱቤ ብገዛና መስመሩ ቢመጣ ዕዳው የማን ነው?» ቢሉዎ ምን ይመልሳሉ? «አባባ፣ ግድ የለም» ማለት መልስ አይደለም። መስመሩ መቼ እንደሚደርስ የሚያውቀው መሥሪያ ቤት የቀበሌዎቹን ስም ጽፎ በግልጽ ቢለጥፈው፣ እኒህ አባት ብልህ ሰው ናቸውና የሚበጃቸውን ራሳቸው ይመርጣሉ።

ባትሪው

ስለ ሰሌዳዋ ብዙ ይወራል፤ የሚሞተው ግን ባትሪው ነው። ደህና ሰሌዳ 20 ዓመትና ከዚያም በላይ ያገለግላል። ባትሪ ግን እንደ ዓይነቱና እንደ አያያዙ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ይደክማል፤ እያሟጠጡ የሚጠቀሙበት ደግሞ ፈጥኖ ይሄዳል። በገበያ ላይ ከተመሰከረለት ዕቃ ጎን በመልኩ የሚመስለው፣ በዋጋው ግማሽ የሆነ፣ ዋስትና የሌለው ዕቃ ይሸጣል። ገዢው ዋትን በዓይኑ ሊያይ አይችልም፤ ስለዚህ ርካሹን ይገዛል፤ በስድስተኛው ወር ሲጠፋበት «የፀሐይ መብራት ውሸት ነው» ብሎ ለመንደሩ ሁሉ ይናገራል። አንድ የተበላሸ ዕቃ የሚያስቀረውን ገዢ ብዛት ብንቆጥር፣ ለጥራት ቁጥጥር የሚወጣ ብር ከማንኛውም ድጎማ ይልቅ ፍሬ ያለው ይመስለኛል። የሞተው ባትሪም ቢሆን ቡናው ሥር ይጣላል፤ በተለይ እርሳስ ያለበት ዓይነት ለአፈርና ለውኃ ጠንቅ ነው። የሚሰበስበው ሰው የለም።

የጥገናውም ነገር እንዲሁ ነው። የላላ ሽቦ ለማጥበቅ ከሰኮሩ ጅማ ድረስ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ዕቃ ተሸክሞ መሄድ አይገባም ነበር። ሬማ ላይ የታየው ነገር በየወረዳው የሙያ ትምህርት ቤት ሊደገም የሚችል ነው፤ ትምህርቱም ረጅም አይደለም። ዘንድሮ ከትምህርት ቤት ወጥተው ሥራ የሚፈልጉ አንባቢያችን ይህን አንቀጽ ሁለት ጊዜ ቢያነቡት አይከፋም።

አሁን ደግሞ በወረዳ ቢሮ ወይም በብድርና ቁጠባ መሥሪያ ቤት ጠረጴዛ ላይ ለሚሠሩት አንባቢያችን አንድ ትንሽ ነገር እንናገር። የብድር ቅጽ ሲመጣልዎ አብዛኛውን ጊዜ «በየወሩ እኩል ክፍያ» የሚል መስመር ታትሞበት ይመጣል። ይህ ቅጽ ደመወዝ ለሚቀበል ሰው የተሠራ ነው። የቡና አገር ገበሬ ገንዘብ የሚያየው ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ፣ ቀይ ቡና ሲለቀም ወይም ደረቁ ሲሸጥ ነው። ከዚያ በኋላ ገንዘቡ እየሳሳ ሄዶ በሰኔ፣ በሐምሌና በነሐሴ ኪሱ ባዶ ይሆናል። በነዚያው ወሮች ደግሞ የጅማ ሰማይ በደመና ይሸፈናል፤ ዝናቡ ቀን ከሌት ይወርዳል፤ ሰሌዳዋም የበጋውን ያህል ኃይል አትሰጥም። ስለዚህ ገበሬው አምፖሉ በደበዘዘበት፣ ኪሱም በተራቆተበት ወር ለዚያው ለደበዘዘ አምፖል ክፈል ይባላል። ሳይከፍል ሲቀር ደግሞ በመዝገቡ ላይ «ዕዳ የማይከፍል» ተብሎ ይጻፋል፤ በሚቀጥለው ዓመትም ለማዳበሪያ ሲመጣ ያ ጽሕፈት ይጠብቀዋል።

ቅጹን የሚለውጡት ከእርስዎ በላይ ያሉ ሹማምንት ናቸው። ነገር ግን በአብዛኛው ቅጽ ላይ ከግርጌው «ልዩ አስተያየት» የምትል ጠባብ ቦታ ትተዋል፤ ብዙ ጊዜም ባዶዋን ታልፋለች። እዚያች ላይ «ክፍያው ከኅዳር እስከ የካቲት ቢሆን» ብሎ ለመጻፍ ሁለት ደቂቃ ይበቃል።